ጮክ ብሎ የሚያነበው መምህር ሽብሩ

መምህር ሽብሩ መሞቱን ያወቅሁት ከፌስቡክ ነው። ቢሮ ተቀምጬ ደብዳቤ እየተየብኩ ሳለ የድሮ ክፍል ጓደኞቼ ፎቶውን ለጥፈው፣ ከሥሩ ሻማ ደርድረው አየሁ። «ብርሃናችን ጠፋ» ይላል አንዱ። «ጥንቃቄን ያስተማሩን አባታችን» ይላል ሌላው። ሁሉም «እሳቸው» እያሉ ነው የጻፉት። ቡታጅራ ሲያስተምረን ግን ከጀርባው «እሱ» ነበር የምንለው፤ ሞተ ብዬ አሁን ማዕረግ አልጨምርለትም።

ፎቶው ላይ ያንን ቡናማ ኮቱን ለብሶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሏል። ቅርቡን የሚያነበው መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ ነበር። ስለዚህ መነጽሩ ወደ ግንባሩ ከወጣ ከመካከላችን አንድ ሰው ሊነበብ ነው ማለት ነው። ፎቶውን ሳየው ከእነዚህ ሁሉ ዓመታት በኋላም እየተየብኩት የነበረውን ደብዳቤ ዘጋሁት።

አሥረኛ ክፍል ሳለን ነው ኮምፒውተር ያስተማረን። ትምህርት ቤታችን የኢንተርኔት መስመር ካገኘ ገና ዓመት አልሞላውም። ኮምፒውተሮቹ የመጋረጃ ጨርቅ ልብስ ተሰፍቶላቸዋል፤ እኛ ደግሞ አቧራ እንዳናስገባ ጫማችንን በር ላይ አውልቀን በካልሲ ነበር የምንገባው። የክፍሉ ሽታ የስልሳ ተማሪ እግር ነው። ሽብሩ ራሱም ጫማውን ያወልቃል፤ ሲመጣ ድምፅ የማይሰማው ለዚህ ነው።

የወልቂጤ ሰው ነው፣ ሰባት ቤት ጉራጌ። ጴንጤ በመሆኑ አይጠጣም፣ አይምልም፣ እጁንም በተማሪ ላይ አያነሳም። አርባ ጅራፍ ከሚገርፈው የሒሳብ መምህራችን ይልቅ ግን እሱን ነበር የምንፈራው።

ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ሩብ ሰዓት ሲቀረው ኢሜይል እንድንጽፍ ይፈቅድልናል። እሱ የራሱ ኮምፒውተር ጋ ተቀምጦ ፈተና የሚያርም ይመስለናል። ለካ ከአዲስ አበባ በሲዲ ያመጣውን አንድ ፕሮግራም ጭኖ የሁላችንም ስክሪን በትንንሽ ሳጥን ተደርድሮ ይታየው ነበር። ደስ ያለውን ሳጥን ከፍቶ ያሰፋዋል። ከዚያ መነጽሩ ወደ ላይ ይወጣና የጻፍነውን ፊደል በፊደል፣ ጮክ ብሎ፣ እንደ ዜና ያነበዋል። ሲጨርስ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነው የሚጠይቀው።

«ማን ያነበዋል ብለህ ነው?»

የመጀመሪያው ቀን የተነበበው አባቱ ጋሪ የሚነዳ ልጅ ነው። ውጭ አገር ላለች የብዕር ጓደኛው፣ አባቱ ሁለት መኪና እንዳለው ጽፎላት ነበር። ሽብሩ አንብቦ ሲጨርስ አባቱን እንደሚያውቃቸው ነገረን፤ ከዚያም ፈረሱን ለምን እንደረሳው ልጁን ጠየቀው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ እስከ ዓመቱ መጨረሻ አንድ ኢሜይል አልጻፈም። አሁን ከሻማ ለጣፊዎቹ አንዱ እሱ ነው።

እኔም ተነብቤያለሁ፤ «ማን ያነበዋል ብለሽ ነው?» ተብያለሁ። ለአክስቴ ልጅ ስለ ሽብሩ አካሄድ ስጽፍ፣ እንቁላል መጣያ ያጣች ዶሮ ይመስላል ብዬ ነበር። አነበበው። ከዚያ ተነሳና ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር በካልሲው ልክ እንደዚያች ዶሮ ሄደበት፣ አንገቱን እያስገባና እያወጣ። ተማሪው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያለቀስኩት ቤት ገብቼ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያደርገው ለእኛው ብሎ እንደሆነ ከልቡ ያምን ነበር። በአገሪቱ የሚጻፍ ኢሜይል ሁሉ አዲስ አበባ ባለች አንዲት ክፍል እንደሚያልፍ፣ እዚያም ሥራቸው ማንበብ ብቻ የሆነ ሰዎች እንደተቀመጡ ይነግረናል። ፖስታ ቤት ይሻላል ይላል፤ ቀድዶ ቢያነብብህ እንኳ መልሶ በሙጫ ያሽግልሃል። ስለ ሶፍትዌርም የራሱ ሃይማኖት ነበረው። የቫይረሱ ሠሪና የመድኃኒቱ ሻጭ አንድ ሰው ነው። ነፃ የሚባል ፕሮግራም የለም፣ የሚከፈለው አንተ ሳታይ ነው። ደግሞም ከተማው ውስጥ ያለው ፕሮግራም ሁሉ የተሰረቀ ስለሆነ እናንተ የሌባ ዕቃ ላይ ተቀምጣችሁ ደብዳቤያችን ተሰረቀ ብላችሁ ለማን አቤት ትላላችሁ ይለናል።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሥራ ስንፈታ ይህን ጥርጣሬ ከየት እንደተማረው ነገረን። ወልቂጤ ሲያስተምር ስለ አንድ ባለሥልጣን ቀልድ ጽፎ ለጓደኛው በኢሜይል ልኮ ነበር። ጥቂት ቆይቶ በመምህራን ግምገማ ላይ አንዱ ገምጋሚ ተነሳና ያንን ቀልድ ከወረቀት ላይ ለመምህራኑ ሁሉ አነበበው። ሽብሩ ራሱን እንዲሂስ ተደረገ። ሂሱን ዋጠ፤ ከዚያም ወደ ቡታጅራ ተዛወረ።

«ቀልዱ ጥሩ ነበር» አለን። «ሲነበብ ግን ማንም አልሳቀም።»

አንዲት ልጅ ጓደኛዎ ይሆናል የሰጣቸው አለችው። ፊቱ ተቀየረ። ኮምፒውተሩ ነው፣ መስመሩ ነው፣ ያቺ ክፍል ናት ብሎ ለረጅም ጊዜ አስረዳን። እኔ ያኔም ዛሬም ጓደኛው ነው የሸጠው እላለሁ። ሽብሩ ማሽኑን የመረጠው ማሽን ስለማያስከፋ ነው። አብሮህ እንጀራ የቆረሰ ሰው ወረቀትህን አሳልፎ ሰጠ ብሎ ከማመን፣ አዲስ አበባ ያለች ክፍል አነበበችኝ ማለት ይቀላል።

ፍትሐዊ ልሁንለት፣ አንድም ቀን ያነበበብንን ነገር ወደ ቢሮ አልወሰደም። አንድ ለአምስት የሚባለው አደረጃጀት መምህራኑን ሲሰበስብ፣ ተማሪ በኢንተርኔት ምን እንደሚጽፍ በየሳምንቱ ሪፖርት አምጣ ተብሎ ነበር አሉ። ስለ ፍቅርና ስለ ኳስ ይጽፋሉ ብሎ ይመልሳል። ሌላ ጽፈን ከነበረም እኛው ፊት አንብቦ እኛው ፊት አጥፍቶታል። ፌስቡክ ላይ ጥንቃቄን ያስተማሩን የሚሉት ይህንን ነው፤ ሐሰት አይደለም።

የሰሚራ ደብዳቤ የተነበበው ማክሰኞ ነው።

ሰሚራ የወንበር ጓደኛዬ ነበረች። ቤታቸው ከገበያው በላይ ነው፣ ስልጤዎች ናቸው። እኔም በአጥር የምንዋሰናቸው ስልጤ ጎረቤቶች ስላሉን ቋንቋውን ከልጅነቴ እሰማለሁ። ሰሚራ ብዙ አትናገርም፣ ስትጽፍ ግን ጣቶቿ ከሁላችንም ይፈጥናሉ። በዚያ ቀን ጅዳ ለምትሠራው እህቷ በስልጢኛ ጻፈች። አማርኛ አልተጠቀመችም፣ ምክንያቱም ሽብሩ አማርኛ ያነባል። የእሷን ቋንቋ እንደማይሰማ ታውቃለች፤ ስለዚህ የተደበቀች መሰላት።

ደብዳቤው እንዲህ ነበር፤ አባቷ ሳይነግሯት ለአንድ የእህል ነጋዴ ሊድሯት ቃል ሰጥተዋል። ሐሙስ እናቷ ገበያ ስትወርድ፣ እሷ በመጀመሪያው አውቶቡስ ትወጣለች። የእህቷ ጓደኛ አዲስ አበባ መናኸሪያ ትጠብቃት። እህቷ እስከዚያ ቤት እንዳትደውል። መጨረሻው ላይ፣ ከአንቺ ሌላ ሰው የለኝም፣ ድረሺልኝ ትላለች። ይህንን ሁሉ ያወቅሁት አጠገቧ ተቀምጬ ስለነበር አይደለም። እንደ ሌላው ሰው ሽብሩ ሲያነበው ነው የሰማሁት።

አዎ፣ የማያውቀውን ቋንቋ አነበበው። ፊደሉ የእንግሊዝኛ ነው፣ ድምፁን ማውጣት አያቅተውም። ምናልባትም ስላልገባው ነው ንጹሕ ጨዋታ የመሰለው። በወልቂጤ ቅላጼው ቃላቱን እየጎተተ፣ አንዳንዱን እየደጋገመ፣ ፊቱን እንደ አሮጊት እያጨማደደ ማንበብ ጀመረ። ስልጢኛ የማይሰማው ተማሪ ሳቀ። የሚሰማው ዝም አለ። የክፍሉ ግማሽ ሲስቅ ግማሹ ዝም ሲል ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሰሚራ እጇን ዘርግታ ስክሪኗን አጠፋችው። ስክሪን ማጥፋት ኮምፒውተር ማጥፋት እንዳልሆነ ያስተማረን ራሱ ነበር፤ በድንጋጤ ረሳችው። እሱ ጋ ሁሉም ነገር ይታያል። እስከ መጨረሻው ቃል አነበበውና መነጽሩን ሳያወርድ ዞር ዞር ብሎ አየን።

«ምን ማለት ነው ይሄ?»

የሰሚራ የአጎት ልጅ ሙባረክ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል። እኔ አንድ ነገር ካልተባለ የሚብስ መሰለኝ።

«ሰላምታ ነው፣ መምህር» አልኩ።

«ይህ ሁሉ ሰላምታ?» አለ። «የመንደሩን ሰው በየስሙ ነው እንዴ?» ክፍሉ ሳቀ። እንግዲያው ከኋላ ላላችሁትም ይዳረስ ብሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ ደግሞ አነበበው፣ ሐሙስን፣ አውቶቡሱን፣ መናኸሪያውን። ሲጨርስ ወደ ሰሚራ ዞሮ ያችኑ ጥያቄውን ጠየቃት።

ስንወጣ ሙባረክ ጫማውን ሳያስር ሮጠ። ሰሚራ በሩ ላይ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አግብታ ቆማ፣ አሁኑኑ ልሂድ ወይ አለችኝ። ዩኒፎርም ለብሳ፣ ባዶ እጇን የት ትሄዳለች ብዬ አሰብኩ። ተረጋጊ፣ ሙባረክ እኮ ሥጋሽ ነው አልኳት። ሥጋዋ ስለሆነ ነበር የሮጠው። ይህችን ምክሬን እስከ ዛሬ አልረሳኋትም፤ እሷም አልረሳችም።

ረቡዕ አልመጣችም። ሐሙስም አልመጣችም። ሽብሩ ስም ሲጠራ ሙባረክ አሟታል አለ። በሁለተኛው ሳምንት የሰርጓ ቀን መቆረጡን ሰማን። ለሽብሩ የነገርኩት እኔ ነኝ። የመምህራን ክፍል በር ላይ ጠብቄ ደብዳቤው ምን ይል እንደነበር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረጎምኩለት። እንዲያመው ፈልጌ ነበር፤ አልዋሽም። ግድግዳውን በእጁ ያዘ። ሰላምታ ነው ብለሽኝ አልነበር ወይ አለኝ።

ቅዳሜ ያንን ኮቱን ለብሶ የሰሚራ አባት ቤት ሄደ። ልጅቱ ቢያንስ ፈተናዋን ትፈተን ብሎ ሊለምን ነው። ምን እንደገጠመው በኋላ ራሷ ሰሚራ ነገረችኝ፤ ከጓዳ ሆና ስትሰማ ነበር። አባቷ በክብር ተቀበሉት፣ አስቀመጡት፣ ምሳ አስቀረቡለት። እሱ የመጣበትን ሳይናገር እሳቸው ቀደሙት።

«መምህር፣ አላህ ውለታህን ይክፈልህ። አንተ ባታነበው ልጄን መናኸሪያ ነበር የማጣት።»

ሽብሩ ስለ ፈተናው ምን እንዳለ ሰሚራ አልሰማችም። ቢልም በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው። ሲወጣ አባቷ ከማሳቸው የተለቀመ አንድ ኩንታል በርበሬ ባጃጅ ላይ አስጫኑለት። እምቢ ማለት ቤቱን መስደብ ነውና ይዞት ሄደ። ወደ ቤቱ ግን አላስገባውም። ኮምፒውተር ክፍሉ ጥግ አስቀመጠው፣ እና ሴሚስተሩን ሙሉ ሁላችንም እያነጠስን ተማርን።

ከዚያ በኋላ ማንበቡን ያቆማል ብዬ ነበር። ሰኞ ዕለት ገብቶ ጥቁር ሰሌዳው ላይ አዲስ ደንብ ጻፈ። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ክፍል በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ ብቻ ይጻፋል። ጠመኔውን አስቀምጦ፣ መነጽሩን ሰቅሎ፣ የአንዱን ልጅ ሳጥን ከፈተ። ያን ቀን ጠላሁት። መጥላቴን ዛሬም አላወረድኩትም፣ ከሱ ጋር ግን አንድ ሌላ ነገር ተጨምሮበታል።

ያንን ሌላ ነገር ያመጣው የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም ሽብሩን ቡታጅራ መናኸሪያ ውስጥ ያገኘሁት ቀን ነው። ጡረታ ወጥቶ ዕቃውን ጭኖ ወደ ወልቂጤ ሊመለስ ነበር። ከስቷል፣ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቷል። ስሜን አስታወሰ። ያቺ ልጅ እንዴት ናት አለኝ። አራት ወልዳለች፣ ገበያ ልብስ ትሸጣለች አልኩት። ጥሩ፣ ጥሩ አለ፣ ሁለት ሦስቴ። ረዳቱ ግቡ ግቡ ሲል ሻንጣውን አነሳና ወደኔ ዞረ።

«መንግሥትን ብቻ ነበር የፈራሁላችሁ» አለኝ።

መልስ ሳይጠብቅ ገባ። በዚያ ቃሉ አዝኜለታለሁ፤ ያልኩት ሌላው ነገር ይህ ነው።

መሞቱ በተሰማ ማግስት ሰሚራ ደወለች። ተሰላምተን የልጆቻችንን ደኅንነት ከተጠያየቅን በኋላ ወልቂጤ ልቅሶ ትሄጃለሽ ወይ አለችኝ። እሄዳለሁ አልኳት። ፌስቡኩ ላይ እሷም እንደጻፈች ነገረችኝ። የሽብሩ ልጅ መልእክቶቹን ልቅሶው ድንኳን ውስጥ ለሰው እያነበበ ነው ሲሉ ሰምታለች።

«የኔን ሲያነብ አይገባውም። የሚሰማው አንቺ ብቻ ስለምትሆኚ ይጠይቅሻል» አለች። «ያን ጊዜ ንገሪያቸው።»

ምን እንደጻፈች ጠየቅኳት። ስትሰሚው ታውቂዋለሽ አለች። ገጹን ለመክፈት ሞከርኩ፣ ያ ወቅት ኢንተርኔቱ አንድ ቀን ሠርቶ ሁለት ቀን የሚጠፋበት ነበርና ቡታጅራ መስመር አልነበረም።

ወልቂጤ ደርሼ ድንኳኑ ውስጥ ስቀመጥ ስድስት ሰዓት ይሆናል። መዝሙር ተዘመረ፣ ጸሎት ተደረገ። የሽብሩ ባለቤት ወይዘሮ አስቴር ፊት ለፊት ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች፣ ፊቷ በልቅሶ አብጧል። ልጁ ናትናኤል ማይክሮፎን ይዞ ተነሳ። አባቱን ቁርጥ ነው። ከስልኩ ላይ የተማሪዎቹን መልእክት አንድ በአንድ ማንበብ ጀመረ፣ ሰዉም በየመካከሉ አሜን ይላል። የጋሪ ነጂው ልጅ መልእክት ተነበበ። አሜን።

ከዚያ ቆም አለ። ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋና መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ።

የመጀመሪያውን ቃል ሲያወጣ አወቅሁት። ደብዳቤው ነው። ያው ደብዳቤ፣ ምንም ሳትቀንስ ሳትጨምር፤ ስንት ዓመት በቃሏ ይዛዋለች። ናትናኤል በወልቂጤ ቅላጼው ቃላቱን እየጎተተ፣ በአክብሮት፣ ቀስ ብሎ አነበበ። ሐሙስን አነበበ፣ አውቶቡሱን አነበበ። እህቴ የምትለዋ ቃል የተሰማቻቸው አንዲት እናት፣ እህቱ ናት መሰለኝ የጻፈችው ብለው ማልቀስ ጀመሩ። ድረሺልኝ የሚለው ጋ ሲደርስ ድንኳኑ በሙሉ አሜን አለ።

ናትናኤል ወደ እኛ ዞረ። «ከቡታጅራ የመጣችሁ አላችሁ? ምን ማለት ነው?»

እጄን አወጣሁ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ወይዘሮ አስቴርም ቀና ብላ አየችኝ፣ ስለ ባሏ ደግ ቃል የምትጠብቅ ሴት ዓይን ነው። አፌን ስከፍት ልነግራቸው ነበር፤ እምላለሁ ልነግራቸው ነበር።

«ሰላምታ ነው» አልኩ።

«ይህ ሁሉ ሰላምታ?» አለ ናትናኤል፣ እንባው መጣ። «አባቴን እንዴት ይወዱት ነበር።» እንግዲያው ከኋላ ላላችሁትም ይሰማ ብሎ ማይክሮፎኑን ከፍ አደረገና ከመጀመሪያው ጀምሮ ደግሞ አነበበው። ሁሉም አሜን አለ።

ወጥቼ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ልደውል ስል እሷ ቀደመችኝ።

አነበቡት ወይ አለችኝ። ሁለት ጊዜ አልኳት። ጠየቁሽ? ጠየቁኝ። ምን አልሽ?

ከድንኳኑ ውስጥ መዝሙሩ እንደገና ተጀምሯል፣ እሷም በስልኩ እንደምትሰማው አውቃለሁ።

«አሁንም ሰላምታ?» አለችኝና ዘጋችው።